አውድማው መሃል የቆመው ማነው? «የታከለ ገብስ» ፊልም በደባርቅና በዳባት

ደባርቅን አይተው የማያውቁ ሰዎች ስለ ደባርቅ ሰው ብዙ ያውቃሉ። እንዲህ ያሉ አምስት ሰዎች አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አግኝቻቸዋለሁ። ፊልም ገምጋሚ ኮሚቴ ይባላሉ። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠችው ሰናይት የተባለች የመጨረሻ ዓመት ተማሪዬ ነበረች። የመመረቂያ ሥራዋ አሥራ ስምንት ደቂቃ የሚፈጅ «የታከለ ገብስ» የሚባል ፊልም ነው። ዳባት አጠገብ የሚኖሩ አንድ ገበሬ ገብሳቸውን ከአጨዳ እስከ ጎተራ ሲያደርሱ ያሳያል። የኮቴ፣ የነፋስና የመንሽ ድምፅ አለው፤ የሚተርክ ሰው ግን የለውም።

ኮሚቴው ፊልሙን ወደደው። ከወደደው በኋላ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ገበሬው ወገናችን የፊልም ቋንቋ አያውቅም። አሁን ሩቅ የነበረው ሰው ድንገት ፊቱ ብቻ ሲመጣበት ግራ ይገባዋል። ትረካ ይጨመርበት፤ አለዚያ አይሰራጭም» አሉ።

ያን የትረካ ድምፅ አንባቢ ያውቀዋል። በሬ ሲሄድ እያየን «በሬው እየሄደ ነው» የሚለን፣ ጉሮሮው ውስጥ ነጎድጓድ የታሰረበት ድምፅ ነው። ሰናይት አንገቷን ደፋች። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ አዎ ሲል አይደለም የማለት የቆየ ሕመም አለብኝ። «ሄደን እንጠይቃቸው» አልሁ። እነርሱም ሊገላገሉኝ ይመስለኛል፣ አንድ ቅጂ፣ አንድ ፕሮጀክተርና ባለ ማኅተም የመሸኛ ደብዳቤ ሰጡን። ገበሬዎቹ ከተረዱት ፊልሙ እንዳለ ይሰራጫል። ካልተረዱት ነጎድጓዱ ይገባበታል። ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ ነኝ።

ይህን ማስታወሻ ግን ወደዚያ ለማይሄዱ ሰዎች ጻፍሁት፤ ኮሚቴውን ጨምሮ።

አንደኛ ቀን። አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ተነሣ። ረዳቱ የፊልሙ ሣጥን ጣሪያ ላይ ከበጎቹ ጋር ይጫን አለ። ሰናይት ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ አቀፈችው።

«ምን ይዘሽ ነው እህቴ፣ ታቦት ነው?»

«ገብስ ነው» አለችው።

«ገብስ ከሆነማ በጎቹ ይበሉታል፣ እዚያው ያዢው» ብሎ ሄደ። ስለ አባይ በረሃ ሌሎች ብዙ ጽፈዋል፤ እኔ ተኝቼ ነበር። ደብረ ማርቆስ አደርን። አልጋው አጭር፣ ሽሮው ጥሩ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የዚህን ተቃራኒ ለምጃለሁ።

ሁለተኛ ቀን ጎንደር ገባን። ግንቡን አላየሁትም። ፕሮጀክተሩን ከአውቶቡስ ጣሪያ ሳወርድ ወገቤ ላይ የደረሰውን የሚያውቅ ሰው አይፈርድብኝም።

ሦስተኛ ቀን፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ። አንድ ኬላ ላይ ጠባቂው ሣጥኑን አስከፈተ። ደብዳቤውን አገላብጦ አየና ፊልሙን አንድ ክንድ ያህል መዞ ወደ ፀሐይ አነሣው። ሌላ ቅጂ የለንም።

«ሁሉም አንድ ነው እኮ!» አለ። «ይህ ሁሉ ለአንድ በሬ?»

«ትንሽ ትንሽ ይለያያል፣ ወንድሜ» አለችው ሰናይት። «የፊት እግሩን እየው። እዚህ መሬት ላይ ነው፤ እዚህ ትንሽ ተነሣ፤ እዚህ ደግሞ…»

ጠባቂው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቆጠረ። «እየሄደ ነው! አንተ ጌታሁን፣ ና! በሬው እየሄደ ነው!» ጌታሁን መጣ፤ ሌሎቹም መጡ። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ግማሽ ሰዓት ቆሞ ጠበቀ። እኔ ይህን ለተማሪዎቼ ለማስረዳት ብዙ ሳምንት ይፈጅብኛል፤ ያውም ግማሾቹ ያንቀላፋሉ።

ዳባት ላይ ሰናይት ወርዳ አያ ታከለን፣ ፊልሙ ውስጥ ያሉትን ገበሬ፣ ልትሳለማቸው ፈልጋ ነበር። ነገር ግን ጀነሬተሩ ያለው ደባርቅ ነው፤ ማግሥቱም የደባርቅ ገበያ ነው። በመልስ ጉዞ እንዲሆን ተስማማን። አውቶቡሱ ሲያልፍ ፊቷን መስተዋቱ ላይ ለጥፋ ተራራ ተራራውን ስታይ ሄደች።

ደባርቅ ቀዝቃዛ ነው። እኔ ቅዝቃዜ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ይታይሽ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «አንቱ፣ ይህ የለበሱት ኮት ነው ሸሚዝ?» አሉ። መልስ ሳይጠብቁ የሟች ባላቸውን ካባ ከሣጥን አውጥተው አለበሱኝ። አዲስ አበባ ሆቴል ስገባ የሚጠይቁኝ መታወቂያ ነው። ወይዘሮ ይታይሽ የአባቴን አገር፣ የእናቴን ደብርና ለምን ከሳሁ ብለው ከጠየቁኝ በኋላ ነው ቁልፍ የሰጡኝ። እራት የገብስ እንጀራ በምስር ወጥ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠግቤያለሁ አልሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ አልተሰማሁም።

አራተኛ ቀን፣ የገበያ ቀን። ሰዓት እላፊ ስላለ ፊልሙን በቀን ማሳየት ነበረብን። ስለዚህ የቀበሌውን አዳራሽ መስኮቶች በጆንያና በጋቢ ሸፈንን። ጋቢዎቹ የሰው ናቸው፤ ባለቤቶቻቸው በብርድ ቆመው «ይሁን፣ ለፊልሙ ነው» ይላሉ። ሁሉ ከተሰናዳ በኋላ የፕሮጀክተሩ ቀበቶ ተበጠሰ። እኔ ፕሮጀክተሩን፣ ኮሚቴውንና የፈጠረኝን አምላክ በየተራ ስወቅስ አንድ ልብስ ሰፊ ከበር መለስ አለና የስፌት መኪናውን ጠፍር ፈትቶ ይዞ መጣ። በገበያ ቀን! ቋጥሮ ሲያስገባው ልክ ሆነ። «ስትጨርሱ ትመልሱልኛላችሁ» አለና ከፕሮጀክተሩ አጠገብ ተቀመጠ። እስከ መጨረሻው ሸራውን አላየም፤ ጠፍሩ ሲዞር ያይ ነበር።

አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሩቅ ምስል መጣ፣ ቅርብ ምስል መጣ፤ ግራ የገባው ሰው አላየሁም። የአጨዳው ክፍል ላይ አንዲት ሴት «ማጭዱ ዶልዱሟል፣ አላሳሉትም» አለች። እውነት ነው፣ ዶልዱሞ ነበር። የአያ ታከለ ፊት ከጎን ሆኖ ሸራውን ሲሞላው ግን ከፊት የተቀመጡት መሪጌታ ወደ ሰናይት ዞሩ።

«ልጄ፣ ሰውየው ምን በድለው ነው ባንድ ዓይናቸው ያወጣሻቸው?»

ሰናይት አልገባትም። መሪጌታው በትዕግሥት አስረዷት፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያይሃል፤ ከጎን በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ወንበዴ ነው። ሰናይት በጨለማ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ስለ ቅርብ ምስል በሦስት ቋንቋ ያነበብሁት ሁሉ ይህን አልነገረኝም።

ከዚያ የውቂያው ክፍል መጣ። በሬዎቹ አውድማው ላይ ይዞራሉ። ድንገት አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ ቶሎ ቆመና ጉርምርምታ ሆነ። ሰናይት ወደኔ አየች፤ እኔም ወደሷ። የሚያስቅ ነገር እዚያ ቦታ አልነበረም።

ፊልሙ ሲያልቅ አጨበጨቡ፣ መረቁን። «ምን አሳቃችሁ?» ብዬ አንዱን ሽማግሌ ጠየቅሁ።

«እንዲያው ነው፣ ጌታዬ። ደግ ሥራ ነው።»

ሌላውን ጠየቅሁ። «ደግ ነው፤ ልጅቱን ይባርካት።» የጎንደር ሰው ሊነግርህ ያልፈለገውን ነገር በጉጠት አታወጣውም። ሰናይት ምሳዋን አልነካችም። «አልተረዱትም፣ ጋሼ። ሰብሳቢው ልክ ነበሩ» አለች። እኔም በሆዴ ለሪፖርቱ ሰበብ መፈለግ ጀምሬ ነበር።

አምስተኛ ቀን። ደብዳቤያችን ተራራው ላይ ያለችውን ቡይት ራስንም ስለሚጨምር ሣጥኑን፣ ፕሮጀክተሩንና ጀነሬተሩን በበቅሎ ጭነን በእግር ወጣን። ስመለስ ሰዎች ስለ ሰሜን ተራራ ጠየቁኝ። ጭጋግ ነበር። ጭጋጉን በሚገባ አይቼዋለሁ።

እዚያ ለምድ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ገለባ ሲከምሩ አገኘንና ፊልም የሚታይበት ቤት እንዳለ ጠየቅናቸው። ሣጥኑን አዩት።

«የታከለ ገብስ ነው?»

«አይተውታል?»

«እኔማ ከዚህ አልወረድሁም። አማቼ ትናንት ከገበያ ሲመለስ ነገረኝ።» ሽማግሌው ፊልሙን ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሩን። የዶለዶመው ማጭድ፣ ነዶው፣ የባለቤቲቱ እጅ፣ በተራው ሳይዛነፍ። ስለ ፊልም ስርጭት በየስብሰባው ስንት ነገር ተናግሬያለሁ! ስለ አዳራሽ፣ ስለ መኪና፣ ስለ ቅጂ ብዛት። ፊልሙ ግን ያለ ጀነሬተር ከኛ ቀድሞ ተራራውን ወጥቶ ነበር።

«በሬዎቹ ጋ ለምን ሳቁ?» አለች ሰናይት ቀስ ብላ።

ሽማግሌው በዱላቸው መሬት ላይ ክብ ሠሩ። «ይህ አውድማው ነው። ከውጭ ለቆመ ሰው በሬዎቹ በፊቱ ሲያልፉ ወደ ቀኝ ናቸው። ዞረሽ በየትኛውም በኩል ብትቆሚ ያው ነው። አማቼ እንዳለኝ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ቆይተው ድንገት ወደ ግራ ሆኑ። የተጠመደ በሬ እንዲያ አይገለበጥም። እንግዲህ የዞረው በሬው አይደለም።» ዱላቸውን ክቡ መሃል ተከሉት። «የሚያየው ሰው ነው። ከውጭ የነበረው መሃል ገብቷል።»

ሰናይት ወደ ክቡ ጎንበስ አለች።

«አማቼም፣ ማን ይሆን የሰው አውድማ መሃል የገባው፣ ይላል። እህሉ ሳይሰፈር እንግዳ መሃሉ አይቆምም፤ በረከቱ ይሸሻል። መቼም በጫማ አይሆንም።»

ሰናይት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። በጫማ ነበር። ሽማግሌው ወደ ገለባቸው ሲመለሱ ነገረችኝ። ባለፈው ዓመት ጥር አያ ታከለ መንሽ ሊዋሱ ጎረቤት ሄደው ነበር። በሬዎቹን የሚነዱት ለደቦ የመጡ ፈንቴ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩ። «ልግባ? አልኋቸው። ዝም አሉ። እኔ ዝምታውን እሺ ብዬ ወሰድሁት።» ይህ የአዲስ አበባ ሰው ስሕተት ነው፤ እኔም ብሆን እገባ ነበር።

ያን ሰዓት የተሰማኝን ልደብቅ አልችልም፤ ኩራት ነው። ሸራ አይተው የማያውቁ ሰው፣ በወሬ ብቻ ካሜራው የቆመበትን ቦታ በዱላ አሳዩኝ። እኔና አምስቱ የኮሚቴ አባላት ያን ፊልም ስንት ጊዜ አይተን በሬዎቹ መገልበጣቸውን አላየንም።

ወዲያው ግን ሌላው ነገር መጣብኝ። ነገ የምንሄደው ዳባት ነው። አያ ታከለ ቅር ካላቸው ለገበሬ ማኅበሩ ሸንጎ አንድ ቃል ይበቃቸዋል፤ ያን ጊዜ ፊልሙ በትረካም ያለ ትረካም አይሰራጭም። «መቀስ አለኝ» አልኋት። «ያቺ ቁራጭ ጥቂት ሰከንድ ናት። እናውጣትና እንቀጥለው። የኮሚቴውን ጥያቄ እንደሆነ መልሰነዋል።»

«ኮሚቴውን ላሸንፍ ብቻ ነው እንዴ የመጣሁት?» አለች። «ደግሞስ፣ ጋሼ፣ ቡይት ራስ የደረሰ ወሬ ዳባት ሳይደርስ የቀረ ይመስልዎታል?»

መቀሱን ወደ ኪሴ መለስሁት።

ስድስተኛ ቀን ወደ ዳባት ወረድን። ወይዘሮ ይታይሽ ጀነሬተሩን የሚጭንልን የጭነት መኪና በአንድ ቁጣ አገኙልን። ካባውን ልመልስ ስል «ዳባት ሙቅ ነው ያለዎት ማነው?» አሉኝ። ልብስ ሰፊውም ጠፍሩን አልጠየቀም፤ «ስትመለሱ» አለ ብቻ።

አያ ታከለ መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከፊልሙ ይልቅ ሽበታቸው የበዛ ሰው ናቸው። ሰናይትን ጉንጯን ስመው፣ ሣጥኑን ራሳቸው ተሸክመው ወደ ቤታቸው ወሰዱን። ባለቤታቸው ሞቅ ያለ ውኃ በገበቴ አቀረቡና የእንግዳ እግር ሊያጥቡ በርከክ አሉ። ለእኔ ሲደርስ ካልሲዬ ቀዳዳ በመሆኑ አፈርሁ። ሰናይት ግን ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሰበሰበች።

«ምነው ልጄ፣ ውኃው ፈጀሽ?»

«አይደለም፣ እናቴ።»

አያ ታከለ ይህን ሁሉ አዩ። ጠላ አስቀዱ፣ ባቄላ አስመጡ፣ ስለ መንገዱ ጠየቁን፤ ስለ ፊልሙ «ነገ እናየዋለን» ከማለት በቀር ምንም አላሉም። እኔ ብሆን በሩ ላይ ነበር የምጮኸው።

ሰባተኛ ቀን። በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱን በቆርቆሮ ዘግተን፣ በልብስ ሰፊው ጠፍር ፊልሙን ጀመርን። አያ ታከለ ፊት ተቀምጠዋል። ራሳቸውን ሲያዩ አልሳቁም፤ ማጭዱ ሲመጣ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ። ውቂያው መጣ። በሬዎቹ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ።

«አቁሙት» አሉ አያ ታከለ።

ፊልሙ በአምፖሉ ሙቀት እንዳይቃጠል መብራቱን አጠፋሁ። ክፍሉ ጨለመ።

«መሃል የቆመው ማነው?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳለ።

«እኔ ነኝ፣ አያ ታከለ» አለች ሰናይት ተነሥታ። «መንሽ ሊያመጡ ሲሄዱ ገባሁ። በጫማዬ። አላወቅሁም፤ ግን ጠይቄ መልስ ሳላገኝ ነው የገባሁት። ይቅር ይበሉኝ።»

አጠገቤ ያለው ሰው በጆሮዬ ነገረኝ፤ ፊልሙ በተነሣበት ዓመት ገብሱ ክረምቱ ሳይጋመስ አልቆባቸው ነበር። አያ ታከለም የፈንቴ እጅ ደረቅ ነው፣ በረከት የለውም ብለው ሰውየውን ዓመት ሙሉ አላናገሩትም፤ ዘንድሮ ለደቦም አልጠሩትም።

እኔ ስለ ነቀዝና ስለ ዝናብ ማነስ የማውቀውን ሁሉ አፌ ላይ አድርጌ ነበር። ዋጥሁት። በሕይወቴ ካልተናገርኋቸው ንግግሮች በዚህኛው እኮራለሁ።

«ፈንቴ፣ አለህ?» አሉ አያ ታከለ።

«አለሁ» አለ የሳለው ሰው።

«ታውቅ ነበር?»

«በሬዎቹን እየነዳሁ?»

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«እንግዳህ ናት። እንግዳህን በአንተ ፊት ምን ብዬ ልክሰስ?»

«ዓመት ሙሉ ስዘጋህ?»

«እስኪ ምን ያህል ትችላለህ እያልሁ ነበር» አለ ፈንቴ። አንድ ሁለት ሰው ሳቅ አመለጠው።

ሰናይት ቆማለች። አያ ታከለ ወደ ፕሮጀክተሩ ዞሩ።

«በሉ አብሩት እንጂ! ገብሱን ጎተራ ሳታስገቡት ልትሄዱ ነው?»

አበራሁት። ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል ውስጥ ፊልሙን ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም። አያ ታከለ ከፊት ተነሥተው፣ በጨለማ የሰው ጉልበት እየረገጡ ወደ ኋላ ሄደው፣ ፈንቴ አጠገብ ተቀመጡ።

ስምንተኛ ቀን፣ ጠዋት። ሰናይት ካሜራ ውስጥ የቀራት ጥቂት ፊልም ነበር። አያ ታከለ ወደ ዘንድሮው አውድማ ወሰዱን። በሬዎቹን የሚነዳው ፈንቴ ነው። ሰናይት ከሩቅ ቆመች።

«ምን ትፈሪያለሽ? ጫማሽን አውልቂና ነይ» አሏት።

«ወደ መሃል?»

«ወደ መሃል ምን አለሽ! እዚህ ቁሚ።» ጫፉ ላይ ሁለት ድንጋይ አኖሩላት፤ አንድ ለአንድ እግር። «ከዚህ ላይ በሬዎቹ አይገለበጡብሽም።» ወደኔም ዞረው፣ «አንቱም ያውልቁ እንጂ!» አሉ። አወለቅሁ። ፈንቴ የተቀደደ ካልሲዬን አየና፣ «የአዲስ አበባ አይጥ ብርቱ ናት» አለ። መሬቱ እንደ በረዶ ነበር። እንደዚያን ጠዋት ኮርቼ የቆምሁበት ቦታ የለም፤ በተማሪዬ፣ በሰዎቹ፣ በገዛ አገሬ።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ መመለስ ብቻ ነው። ጠፍሩንና ካባውን ወደ ደባርቅ በሚወጣው የጭነት መኪና ላክናቸው። ጠፍሩ ለባለቤቱ ደረሰ። ካባው «ጎንደርም ይበርዳል» ከሚል ቃል ጋር በማግሥቱ ጎንደር ላይ ደረሰኝ።

አዲስ አበባ ስደርስ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰናይት ገና አዲሱን ምስል አልቀጠለችም ነበርና የድሮውን ቅጂ አሳየኋቸው። «ውቂያው ላይ ካሜራው የት ቆሟል?» ብዬ ጠየቅሁ። ድገመው አሉ፤ ደገምሁት። በሦስተኛው ሰብሳቢው «ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይመስላል» አሉ። የሽማግሌውን ዱላ ነገር ነገርኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት፤ ቀጥለውም ትረካው ይቅር የሚለው ላይ ፈረሙ። በሪፖርቴ «ተመልካቹ የፊልም ቋንቋ ያውቃል፤ ትረካ የሚያስፈልገው ኮሚቴው ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ሁለተኛውን ሐረግ ሰናይት አሰረዘችኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የአውቶቡስ ሹፌር የወይዘሮ ይታይሽን ደብዳቤ አመጣልኝ። ካባውን እንዳላወልቅ ያስጠነቅቁና፣ ከአዲ አርቃይ የመጡ ነጋዴዎች ፊልሙ ወደነሱም ይውረድ ብለው እንደለመኗቸው ይነግሩኛል። የሚፈልጉት፣ ይላል ደብዳቤው፣ «ሁለቱ ጎረቤታሞች መጨረሻ ላይ የሚታረቁበትን ፊልም» ነው።

ሰናይት ሁለት ጊዜ አነበበችው። «እርቁ እኮ ፊልሙ ውስጥ የለም፣ ጋሼ» አለች።

ሣጥኑን ለሹፌሩ ሰጠነው። እርቁን እዚያ ያስገቡበታል።